ለአውድማ የበቃ ነፋስ ለመብራትስ ይበቃል?

ጠያቂ፦ መምህር፣ ከጮቄ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የማስተምረው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። የምጠይቃችሁ ነገር የእኔ የግል ጉዳይ ሳይሆን 140 አባወራ የሚኖርበት የአንድ ጎጥ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከመነሻው ጀምሬ ባስረዳ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኛ ዘንድ የመብራት መስመር አልደረሰም። ባለፈው ጥምቀት አገር ቤት የመጡ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ የነፋስ ተርባይን ሊገዙልን እንደሚፈልጉ ነገሩን። ያሰቡት ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሜትር የሚሰፋውን ነው። ሽማግሌዎቹ ሐሳቡን ወዲያው ተቀበሉት። «ነፋስ አጥተን ምርታችን አውድማ ላይ የቀረበት ዓመት አለ ወይ?» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነፋሱ ከሸንተረሩ ይነሣል፤ ገብሱ በላይዳ ወደ ላይ ሲወረወር ፍሬው ከእግር ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ራቅ ብሎ ይከመራል።

ወጣቶቹ ደግሞ የሚፈልጉትን በወረቀት ጻፉ፦ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድና ቴሌቪዥን፣ ለሱቁ ማቀዝቀዣ፣ ለሁላችን ወፍጮ። ወረቀቱን ሳየው ሥጋት ገባኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ተክሎልን ነበር። መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ሲበላሽ ለመለዋወጫ የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረም፤ ማንም ኃላፊነቱን ስላልወሰደ ሴቶቻችን እንስራቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ምንጭ ተመለሱ። ያ ነገር ዳግመኛ እንዲደርስብን አልፈልግም።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ «ኃይል ከመግዛታችን በፊት የምናነደውን እንቁጠር፤ የሚቀነሰውን እንቀንስ» ብዬ ተናገርኩ። አንድ ወጣት ተነሥቶ «መምህር፣ ያልበላነውን እንዴት እንቀንሳለን?» አለኝ። ተሰብሳቢው ዝም አለ፤ እኔም መልስ አጣሁ። የአውድማችን ነፋስ ለዚህ ተርባይን ይበቃ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል፤ ከዚህም በላይ ግን አምፖል በርቶለት ለማያውቅ ሰው «ፍጆታህን ቀንስ» ማለት ተገቢ ነው ወይ የሚለውን እንድትመልሱልኝ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር

የተከበሩ መምህር፣ የሽማግሌዎቹ ምስክርነት የሚናቅ አይደለም። ነፋሱ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓትና ከየት በኩል እንደሚነሣ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን አውድማና ተርባይን የሚፈልጉት ነፋስ አንድ ዓይነት አይደለም። ገለባን ከፍሬ ለመለየት ልከኛ ነፋስ ይበቃል፤ እንዲያውም ሲበረታ ፍሬውንም ይዞ ስለሚሄድ ገበሬው ላይዳውን አስቀምጦ ጋብ እስኪል ይጠብቃል። ተርባይን ግን በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ በሚጓዝ ነፋስ መዞር ቢጀምርም ቁም ነገር የሚሠራው ነፋሱ 5 ሜትርን ሲያልፍ ነው። ምክንያቱም የነፋስ ኃይል የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

በእርስዎ ተርባይን ላይ ላስላው። 5 ሜትር የሚሰፋ ክብ ወደ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ነፋስ ይቀበላል። በጮቄ ግርጌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ አስመጪው የሚያሳያችሁ የምርት ሠንጠረዥ በባሕር ጠለል የተለካ ከሆነ ከላዩ ላይ ሩቡን ቀንሱ። ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ እንዳረጋገጠው ደግሞ ማንኛውም ተርባይን በክንፎቹ መካከል ከሚያልፈው ነፋስ ጉልበት ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም፤ ትንንሾቹ በተግባር ሩቡን ቢወስዱ መልካም ነው። በዚህ መሠረት ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር ሲሆን የምታገኙት 140 ዋት ገደማ ነው፤ 8 ሜትር ሲሆን ግን 1,100 ዋት ያልፋል። ቀኑን ሙሉ 4 ሜትር ቢነፍስ በ24 ሰዓት ወደ 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ይመረታል (አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ ነው)፤ በባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ በሚለውጠው ኢንቨርተርና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይቀራል። ነፋስ አንዴ እየበረታ አንዴ እየደከመ ስለሚነፍስና የበረታው ሰዓት ብዙ ስለሚያመርት፣ አማካይ ፍጥነቱ ያው 4 ሜትር ሆኖ ምርቱ እስከ እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁ።

አሁን ይህን በወጣቶቹ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ አንዲት እናት ለአንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር 5 ኪሎዋት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ጎጡ በሙሉ የጠበቀው ተርባይን በመደበኛ ቀን የአንድ ቤት ጋገራ እንኳ አይሸፍንም። በዚያው ኃይል ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየቤቱ አራት አራት ተሰቅሎ አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ ግን ወደ 24 ቤት ይበራል። በአራቱ ፈንታ አንድ ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖል ብትሰቅሉ ደግሞ 8 ቤት ላይ ያልቃል። ነፋሱም ተርባይኑም አልተለወጡም፤ የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው። ለወጣቱ ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አገራችን ለነፋስ ኃይል አዲስ አይደለችም። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ሜጋዋት ነው፤ በአዳማ ያሉት ሁለቱ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋዋት ናቸው። እነዚያ ቦታዎች የተመረጡት ግን ነፋሳቸው በመሣሪያ ከተለካ በኋላ ነው። እናንተም ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ሰቅላችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ መዝግቡ። በመስኖ ወቅት የሚደርቅን ጅረት በክረምት ሙላቱ አትመዝኑትም፤ ነፋስም እንዲሁ በአንድ ጥር አይመዘንም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልብቃ። ጮቄ የወንዞች መነሻ ነው፤ በእናንተ ሸለቆ የውኃ ወፍጮ ካለ ወይም ከነበረ ውኃውን ሳትለኩ ወደ ነፋስ አትሩጡ። በሰከንድ 20 ሊትር የሚወርድ ውኃ 10 ሜትር ቁልቁል ቢወድቅና ግማሹ ጉልበት በመሣሪያው ውስጥ ቢባክን እንኳ፣ ቀንም ሌትም 1 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ጅረቱ በበጋ ይሳሳል፤ ነፋሱ ደግሞ በብዛት የሚነሣው በዚያው በበጋ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞሉ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።

መልስ፦ ምድጃ ሠሪ፣ ከብቸና

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በስብሰባው ላይ የተናገሩት ትክክል ነው። ያ ወጣት ወንድሜ ግን «ያልበላነውን» ሲል የእናቱን ጓዳ አላየም እላለሁ። አምፖል ስላልበራ ኃይል አልተፈጀም ማለት አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ከሚነደው እንጨት ወደ ምጣዱ የሚደርሰው ሙቀት ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ነው፤ ሌላው ጭስ ሆኖ ዓይን ያጠፋል፣ ግድግዳ ያጠቁራል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ኩበቱ ማሳ ላይ ቢውል ኖሮ ለመሬቱ ብርታት ይሆን ነበር። እኛ ኃይል የምንፈጀው በብዛት እዚያ ነው፤ የሚቀነሰውም እዚያ ነው።

በማኅበር ተደራጅተን «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ እንሠራለን። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ እየተጣለ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በአሠራሩ ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ለቀናት ጥላ ሥር እየተቀመጠ ውኃ መጠጣት አለበት፤ ለመሸጥ ተጣድፈው ፀሐይ ላይ ካደረቁት በመጀመሪያው እሳት ይሰነጠቃል፣ ከዚያም «ይህ ምድጃ አይረባም» የሚል ስም ይወጣለታል። እኛም በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ያሉ ምድጃዎች ሸጠን፣ የገዙንን እናቶች ቤት ለቤት እየዞርን በአዲስ ለውጠንላቸዋል።

ሌላው ደግሞ የጋገራው ልማድ ነው። ምጣድ በኤሌክትሪክም ሆነ በእንጨት እስኪግል ድረስ የሚበላው ኃይል እንጀራ ሳይወጣበት የሚያልፍ ነው። አራት ቤት በአራት ቀን ለየብቻው ከሚያግል፣ በአንድ ቀን በአንድ ምጣድ ተራ ገብቶ ቢጋግር ሦስት ጊዜ የማጋል ወጪ ይተርፋል። በሰብል ጊዜ በወንፈል እንረዳዳለን፤ ለጋገራም ወንፈል ቢሆን ምንም አያስቸግርም፤ በእኔ ሰፈር ሦስት ጎረቤታሞች ሆነን ማክሰኞ ማክሰኞ እንጋግራለን። ባቄላና ሽምብራ ከማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ፈጥኖ ይበስላል፤ ድስት ክዳን ካለው ማገዶ አያባክንም። ይህን ለሴቶች መንገር ውኃ ለወንዝ እንደ መውሰድ ይሆናል፤ የጻፍኩት ተርባይን የሚገዙት ወንዶች እንዲያነቡት ነው።

ስለዚህ መምህር፣ ከሚዋጣው ገንዘብ ላይ ለ140 ቤት ምድጃ የሚሆነው አስቀድሞ ይነሣ። መብራቱ ከዚያ ይከተላል።

መልስ፦ የአዴት ልጅ፣ ግላስጎ

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ኤግ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ነዋሪዎቿ ተባብረው ደሴቲቱን ገዙ። ከዋናው ምድር የኤሌክትሪክ ገመድ በባሕር ሥር መዘርጋት ዋጋው የማይቀመስ ስለነበር፣ አብዛኛው ቤት በራሱ የናፍታ ጄኔሬተር ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ግን የራሳቸውን መስመር አበሩ። በጊዜው የነዋሪው ቁጥር መቶ አይሞላም ነበር። እያንዳንዳቸው 6 ኪሎዋት የሆኑ አራት የነፋስ ተርባይኖች፣ አንድ 100 ኪሎዋት የሚሰጥ የውኃ ተርባይንና ሁለት ትንንሾች፣ የፀሐይ ሰሌዳዎችና ባትሪዎች አብረው ነው የሚሠሩት፤ መሐንዲሱ ስለ ውኃና ስለ ነፋስ የጻፉት ነገር እዚያ በተግባር የሚታይ ነው።

ደሴቲቱን በጎበኘሁ ጊዜ ከመሣሪያው ይልቅ የመሰጠኝ ሕጋቸው ነው። መስመሩ ከመብራቱ በፊት ተሰብስበው አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ እንዳይስብ፣ ንግድ ቤት ደግሞ ከ10 ኪሎዋት እንዳያልፍ ወሰኑ። ገደቡ ብዙ ገንዘብ ላለውም ለሌለውም አንድ ነው። ውኃ ማፍያውና ልብስ ማጠቢያው አብረው ገደቡን የሚያልፉ ከሆነ አንዱ እስኪያበቃ ሌላው ይጠብቃል። በእኛ ቤት ብናስበው፣ ምጣዱ ተጥዶ ሳለ ሌላ ከባድ መሣሪያ አይሰካም ማለት ነው። ነፋሱና ውኃው በርትተው ኃይል የተረፈ ጊዜ ደግሞ ትርፉ የጋራ አዳራሻቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ያሞቃል። ጥገናውንም የሚሠሩት የሠለጠኑ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ናቸው።

ይህን የምጽፈው አውሮፓን ለማድነቅ አይደለም። እዚህ በምኖርበት ከተማ አንድ ቤት ለክረምት ማሞቂያ የሚያነደው አንድ የጎጃም ቤተሰብ በሕልሙ የማያስበው ነው፤ ቀንሱ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ሊነገር የሚገባው ለእኛ እዚህ ላለነው ነው። የኤግ ሰዎች ግን የመጠኑን ነገር ከውጭ መጥቶ ያዘዛቸው ማንም የለም። የጋራ ሀብታቸው ስለሆነ፣ አንዱ ሲያበዛ ጎረቤቱ እንደሚጨልምበት አይተው ራሳቸው ተስማሙ። የእናንተ ጎጥም የመስኖ ውኃን በተራ ያጠጣል፣ በውኃ ወፍጮም ተራ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ለእናንተ አዲስ ነገር አይመስለኝም። መተዳደሪያው ተርባይኑ ከመምጣቱ በፊት ይጻፍ፤ ምጣዱ ከተሰካ በኋላ ማንም ሊነቅለው አይፈቅድም።

መልስ፦ ነዋሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ከሁላችሁም በትሕትና እለያለሁ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ባለበት አገር ገበሬ ገንዘብ አዋጥቶ 140 ዋት እንዲያሳድድ ማበረታታት ልክ አይመስለኝም። ያ ገንዘብና ያ ጉልበት መስመሩ እንዲደርስ ለመጠየቅ፣ ለምሰሶ የሚሆን እንጨት ለማዘጋጀት፣ መንገዱን ለመክፈት ቢውል ይሻላል። በባሕር ዛፍና ለከሰል ተብሎ በሚተከለው ዲከረንስ በሚባል ዛፍ ከሰል የሚበስለው የከተማው ወጥም ቢሆን ያው ከገጠሩ መሬት የሚወጣ ነው፤ በአዊ ካለው ከፋግታ ለኮማ ወረዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባውን የከሰል መኪና የሚያይ ሰው «መቀነስ ያለበት ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምድጃውን ግን እደግፋለሁ፤ መስመር ቢመጣም ባይመጣም የሚጠቅም ነገር ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ መምህር፣ ከጮቄ ሥር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን በወረቀት ገልብጬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው አነበብኩት።

የደብረ ማርቆሱን ወንድሜን አሳብ አንቃወምም፤ የመስመሩን ጥያቄ አናቆምም። ነገር ግን መስመሩ እስኪደርስ ልጆቹ በኩራዝ ጭስ ማጥናታቸውን ይቀጥላሉ፤ ያ ደግሞ ለሌላ ጊዜ የሚቀጠር ነገር አይደለም። ያ ጥያቄ የጠየቀኝ ወጣት ስሌቱን ሲሰማ እርሳስ አውጥቶ ራሱ ሠራው። በየቤቱ አራት አምፖል በመስቀል ፈንታ ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖል ሰቅለን አራት ሰዓት ብናበራ ለ140 ቤት 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል አለን፤ መሐንዲሱ እንዳሉት ነፋሱ ሲለዋወጥ ምርቱ እጥፍ ገደማ ከሆነ ለዚያ እንቀርባለን፣ የጎደለውን ደግሞ ከጅረቱ ወይም ከፀሐይ እንሞላለን ማለት ነው። ምጣድና ማቀዝቀዣ ከወረቀቱ ላይ የተሰረዙት በእርሱ በራሱ እጅ ነው። ወፍጮው አልተሰረዘም፤ በሸለቆው ያለውን የቆየ የውኃ ወፍጮ አድሰን እንደሚሆን ሽማግሌዎቹ ነግረውናል።

ከተማ ላሉት ተወላጆች ደብዳቤ ጽፈናል። ገንዘቡ ለአንድ ዓመት በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስም እንዲቀመጥ፣ ከእርሱም ላይ አስቀድሞ ምድጃ እንዲገዛና የነፋስ መለኪያ እንዲመጣ ለምነናቸዋል። ከብቸና የጻፉልን እኅቴ፣ ሁለት ሴቶች ልከን ሥራውን እንዲያዩ ብንጠይቅዎ ፈቃድዎ ይሆን? በመተዳደሪያው ላይም ከእያንዳንዱ ቤት በየወሩ ለመለዋወጫ የሚቀመጥ ገንዘብ እንዲኖርና ሒሳቡን ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ እንዲይዙት ተስማምተናል፤ ፓምፑ ያስተማረን ይህንን ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። መለኪያውን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ፣ ከአንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ አስረን ብንሰቅለው ይሆናል?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር

አይሆንም መምህር፤ ቅጠሉ ነፋሱን እየሰበረው የተሳሳተ ቁጥር ታነባላችሁ፤ ዛፉም ሲወዛወዝ መለኪያው አብሮ ይወዛወዛል። ቅርንጫፉ የተመለመለ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ በሦስት ወገን በሽቦ ወጥራችሁ፣ ዛፍ በሌለበት ሸንተረር ላይ ትከሉት። ተርባይኑ ወደፊት የሚቆምበት ቦታም ያው መሆን አለበት፤ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ካለው ከማንኛውም ዛፍና ቤት ቢያንስ 10 ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። ገላጣ ቦታ ላይ የማማው ቁመት እጥፍ ቢሆን ምርቱ ሢሶ ያህል ሊጨምር ስለሚችል፣ ከተረፈው ገንዘብ ላይ ክንፉን ከማስፋት በፊት ማማውን ማስረዘም አስቡበት። ግንዱ ከአካባቢው ሁሉ የበለጠ ከፍ ያለ ስለሚሆን መብረቅን መሳቡ አይቀርም፤ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከጫፉ እስከ መሬት አውርዳችሁ በእርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሩ፤ ሰማዩ ሲያጉረመርምም ቁጥሩን ለማንበብ ማንም ልጅ ወደዚያ እንዳይሄድ ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ። ቁጥሩን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሳይሆን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያስመዝግቡ፤ የመጀመሪያው ወር ሲሞላ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።